የቮልስ ማርሽ ሲላላ፦ የትኛውን ክፍል፣ ከምን የተሠራውን መግዛት ይሻላል?

የድሮዋ ቮልስዋገን፣ ሁላችንም ቮልስ የምንላት መኪና፣ ማርሿ መላላት ሲጀምር ነጂው በመዳፉ ያውቀዋል። እጀታው ኒውትራል ላይ እያለ እንዳሻው ይወዛወዛል፤ ሁለተኛ ማርሽ በፍለጋ ይገኛል፤ እጀታውን ወደ ታች ተጭኖ ወደ ግራና ወደ ኋላ በመሳብ የሚገባው የኋላ ማርሽ ደግሞ ሁለት ሦስት ሙከራ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለቤቶች የሚሰሙት የመጀመሪያ ምክር ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወርዶ ይከፈት የሚል ነው። እኔም በፈረንጆች 1967 የተሠራችውን ቮልሴን በገዛሁ ሰሞን ይኸው ተነግሮኝ ገንዘብ እስከ መቆጠብ ደርሼ ነበር፤ በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ግን ከካምቢዮው ውጭ የነበረ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ የናይለን ስባሪ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ካምቢዮው ሳይነካ ከውጭ የሚጠገኑትን ወይም የሚቀየሩትን ክፍሎች ነው።

ሞተሯም ካምቢዮዋም ከኋላ ስለሆኑ፣ በፊት ወንበሮች መካከል ያለው እጀታ ካምቢዮውን በቀጥታ አያገኘውም። የእጀታው ሉል መሰል የታችኛ ጫፍ በወለሉ መካከል በሚያልፈው ዋሻ ውስጥ የተጋደመውን ረጅም ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ ደግሞ በናይለን ቡሽንግ (ዘንጉ የሚያልፍበት ማቀፊያ) ውስጥ እየተንሸራተተ፣ ከኋላ ወንበር ሥር በሚገኝ ባለ ጎሚኒ (ላስቲክ) መጋጠሚያ በኩል ከካምቢዮው ጋር ይያያዛል። የሚያልቁት እንግዲህ እጀታው ከነሞላውና ከነመገደቢያ ላሜራው (የኋላ ማርሽ በስህተት እንዳይገባ ከሚያግደው)፣ ቡሽንጉ እና መጋጠሚያው ናቸው። በየቦታው ያለው ክፍተት ትንሽ ቢሆንም፣ ተደማምሮ እጀታው ጫፍ ላይ ሲደርስ የጣት ርዝመት ያህል መወዛወዝ ይሆናል።

ገበያ ከመውጣት በፊት ግን ጥፋቱ በእርግጥ ከእነዚህ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። እጀታው ሳይላላ ማርሹ በሚገባበት ጊዜ ብቻ የሚንገጫገጭ ከሆነ፣ በተለይም የኋላ ማርሽ ሲገባ፣ በቅድሚያ የሚታየው የፍሪሲዮን ካቦ ነው፤ ፔዳሉ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ነጻ ጉዞ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ብቻ መንገጫገጭ ካለ የሲንክሮናይዘር (ማርሾቹ ከመያያዛቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያመሳስለው የካምቢዮው የውስጥ ክፍል) ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚህ የተዘረዘረ ማንኛውም ዕቃ አያድነውም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ቡሽንጉ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ሆኖ ለውጡ ትልቅ የሆነ ሌላ ክፍል በዚህች መኪና ላይ አላውቅም። ለገዢው የሚቀርቡት በተለምዶ ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው እንደ ፋብሪካው የሆነው፣ በሽቦ ቀለበት የሚያዘው የናይለን ቡሽንግ ነው። ሁለተኛው ከዩሪቴን (ጎማ መሰል ጠንካራ ፕላስቲክ) የተሠራው ሲሆን፣ ሦስተኛው ቶርኖ ቤት ተወስዶ ከነሐስ የሚቀረጸው ነው። ነሐሱ በብዙዎች ዘንድ የተመሰገነው ዕድሜ ልክ ያገለግላል ተብሎ ነው፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ናይለኑ የተመረጠው ዘንጉ እንዳይበላ እሱ በፈንታው እንዲያልቅ ነው። ነሐስ ግሪሱ ሲደርቅ ከብረቱ ዘንግ ጋር ይፋተጋል፣ የሞተሩንም ንዝረት ተቀብሎ ዋሻው ውስጥ ያንቀጫቅጨዋል። ከዚህም በላይ ቶርኖ ቤት የሚቀረጸው በተበላው ዘንግ ልክ ከሆነ፣ ዘንጉ በሌላ በተቀየረ ዕለት አይሆንም። ዩሪቴኑ ከነሐሱ የተሻለ ጸጥታ አለው፤ ነገር ግን ከልኩ ጠበብ ብሎ የተሠራ ከሆነ እጀታውን ያከብደዋል። ለመንገድ መኪና ምርጫዬ ያለ ጥርጥር ናይለኑ ነው፤ በደንብ ግሪስ ተቀብቶ ከገባ ለዓመታት ይቆያል፣ ሲያልቅም የሚጠፋው ጥቂት ብርና አንድ ከሰዓት ነው።

ሥራው ራሱ ትዕግሥት እንጂ ልዩ መሣሪያ አይፈልግም። እጀታውን የያዙት ሁለት ብሎኖች ተፈትተው እጀታው ይነሳል፤ ከኋላ ወንበር ሥር ያለችው ክዳን ተከፍታ መጋጠሚያው ይላቀቃል፤ ዘንጉም ከቡሽንጉ መያዣ እስኪወጣ ድረስ ይንቀሳቀሳል። የእኔ በተከፈተ ጊዜ መያዣው ውስጥ የቀረችው የሽቦዋ ቀለበት ብቻ ነበረች፤ ናይለኑ ተፈረካክሶ ከጠቆረው ግሪስ ጋር ዋሻው ወለል ላይ ወድቋል፣ ዘንጉም በብረት ላይ ሲሄድ ኖሮ በአንድ ወገኑ እንደ መስታወት አብረቅርቋል። አዲሱ ናይለን አልገባ ካለ በመዶሻ ከመምታት ይልቅ ጥቂት ደቂቃ ሙቅ ውኃ ውስጥ ማቆየቱ ያለሰልሰዋል።

መጋጠሚያውን በተመለከተ ምርጫው ትንሽ ይከብዳል። እንደ ፋብሪካው ያለው ባለ ጎሚኒ መጋጠሚያ ንዝረትን አፍኖ ስለሚያስቀር ለረጅም ጉዞ ይመቻል፤ ችግሩ ዛሬ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ጎሚኒያቸው ለስላሳ በመሆኑ ቶሎ መሰንጠቃቸው ነው። ባለ ዩሪቴኑ ማርሹን በግልጽ እንዲገባ ያደርጋል፣ ዘይትንም ይችላል፤ በአንጻሩ ትንሽ ንዝረት ወደ እጅ ያደርሳል። ጎሚኒው በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ዩሪቴኑን መግዛት ይሻላል እላለሁ። አሮጌውን በብየዳ አጣብቆ መመለስ ግን ፈጽሞ አይመከርም፤ መጋጠሚያው መታጠፍ ካልቻለ ካምቢዮው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግፊቱ ወደ ማርሽ መራጩ ያልፋል። የመጋጠሚያው ቅርጽ እንደ መኪናዋ ዓመት ስለሚለያይ፣ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ለሚሄድ ሰው አሮጌውን ፈቶ መያዝ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

እጀታው ላይ ሦስት መንገዶች አሉ። ሉሉ የተበላው በብየዳ ተሞልቶ በቶርኖ ሊስተካከል ይችላል፤ ጥሩ ባለሙያ ከተገኘ ይህ የሚናቅ አይደለም። ያገለገለ እጀታ መግዛትም ይቻላል፤ ሆኖም የሻጩን ቃል ሳይሆን የሉሉን ክብነት በጣት ዳስሶ ማመን ያስፈልጋል። ሦስተኛው የእጅ ጉዞን የሚያሳጥረው ዘመናዊ እጀታ ነው። ይህ ዕቃ ሲታይ ያምራል፣ ብዙ ወጣቶችም በመጀመሪያ የሚገዙት እሱን ነው፤ ነገር ግን ጉዞው ሲያጥር የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል፣ ሲንክሮናይዘሩም ጫናውን ይቀበላል፤ ቡሽንጉ ካለቀ ደግሞ መላላቱ እንዳለ ይቀራል። መገደቢያ ላሜራው ርካሽ ስለሆነ ጠርዙ ከተበላ መለወጡ ይበጃል። ከመነሳቱ በፊት ግን አቅጣጫው በጠመኔ ምልክት ይደረግበት፤ ተገልብጦ ከገባ የኋላ ማርሽ አይገኝም።

ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች፣ የመጨረሻዋም ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ በፈረንጆች 2003 የወጣች መኪና በመሆኗ፣ እነዚህ ክፍሎች አሁንም በአዲስ መልክ ይመረታሉ። በጀቱ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ሰው ናይለን ቡሽንጉን ይግዛ፤ ለሁለት የሚበቃው መጋጠሚያውን ይጨምር፤ እጀታው ከእነዚህ በኋላ ይታይ። መጋጠሚያው ተመልሶ ሲታሰርም፣ ባለ አራት ማዕዘን ራስ ብሎኑ ጫፉ በካምቢዮው ዘንግ ላይ ካለው ጉድጓድ ውስጥ በትክክል መቀመጡ ይረጋገጥ፣ እንዳይፈታም በሽቦ ይታሰር፤ ያ ብሎን መንገድ ላይ ከተፈታ እጀታው ይንቀሳቀሳል እንጂ አንድም ማርሽ አይገባም።