ለድራሜ ልብስ ስመርጥ፦ ስቲከር፣ ቬርኒሽ ወይስ ዋናው ሽፋን?

ድራሜ ፐርል የሚባለው ፋብሪካ የሚሠራው ኤክስፖርት የተባለ ሞዴል ነው። ይህ ሞዴል ገበያ ላይ የወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኔው የዘጠናዎቹ ሥራ ነው። ከተበተነ የሆቴል ባንድ ገዛሁት። ባለ 22 ኢንች ቤዝ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ)፣ 12 እና 13 ቶም (ከላይ የሚቀመጡት ትናንሾቹ)፣ 16 ፍሎር ቶም (በራሱ እግር መሬት ላይ የሚቆመው) አለው። ድምፁን እወደዋለሁ። ጥቁሩ ልብሱ ግን ጫፍ ጫፉ ተነስቷል፣ በሰርግ ቤት ጭነትና ማራገፍ ተፋፍቋል።

ልብስ የምለው እንጨቱ ላይ የሚለጠፈውን የፕላስቲክ ሽፋን ነው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ጨርቅ ለብሶ እያየሁ ስላደግኩ ሌላ ስም አይመጣልኝም።

መጀመሪያ የሞከርኩት የመኪና ስቲከር ነው። ርካሽ ነው፣ ቀለሙም እንደ ልብ ነው። መኪና የሚያለብሱ ልጆች 12ቱን ቶም በግማሽ ሰዓት ለጠፉልኝ። ለሁለት ሳምንት ያየው ሁሉ አዲስ ገዛህ ወይ አለኝ። ከዚያ መጋጠሚያው መነሳት ጀመረ። ስቲከር በጣም ስስ ነው። ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጭረት ሁሉ ያሳያል፣ መድረክ ላይ የመብራት ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይሸበሸባል። ለአንድ ክሊፕ ቀረጻ ከሆነ ይሁን። በየሳምንቱ ለሚጫን ድራም ግን አይሆንም።

ቀጥዬ 13ቱን ቶም ሰፈር ላሉ አናጢ ሰጠሁ። ሐሳቤ ልብሱን አውልቆ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ቬርኒሽ መቀባት ነበር። ልብሱን እኔው አወለቅኩት። የእህቴን የፀጉር ፎን መጋጠሚያው ላይ ይዤ፣ ሲሞቅ ቀስ እያልኩ መላጥ። የወጣው እንጨት ግን ለዓይን የተሠራ አይደለም። ፋብሪካው እንደሚሸፈን ስለሚያውቅ ከላይ ያደረገው ተራ ኮምፖርሳቶ ነው፤ እዚህም እዚያም በስቱኮ የተደፈነ ቦታ አለው። ቬርኒሹ ያንን ሁሉ አጎላው።

እሱስ ይሁን። የከፋው ጠርዙ ነው። ቆዳው፣ ማለትም የሚመታው ፊት፣ የሚያርፍበት የእንጨቱ ጠርዝ በማዕዘን ተቆርጦ፣ ዙሪያውን እኩል ሆኖ ነው የሚወጣው። ድራሙ የሚዘፍነው እዚያች ቀጭን መስመር ላይ ነው። አናጢው ጠርዙንም በብርጭቆ ወረቀት አሹት። «ምነው ልጄ፣ ሻካራ ስለነበር አለሰለስኩልህ እኮ» አሉኝ። በእሳቸው ሙያ ልክ ናቸው፤ የጠረጴዛ ጠርዝ ቢሆን እኔም አመሰግናቸው ነበር። ጠርዙን አይንኩብኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ቆዳውን መልሼ ስጭን ቶሙ አልቃኝ አለ። አንዱን ብሎን ሳጠብቅ ሌላው ጋ ድምፁ ይወርዳል፣ መሐሉን ስመታው ይንዛዛል።

ቶሙን ወፍራም መስታወት ላይ ደፍቼ፣ ውስጡ የስልክ መብራት አብርቼ፣ ክፍሉን አጨለምኩት። ጠርዙ መስታወቱን ባልነካባቸው ሁለት ቦታዎች ብርሃን ሾልኮ ወጣ። ብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ አጣብቄ፣ ቶሙን እያሽከረከርኩ ጠርዙን እስካስተካክል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እናንተ ያገለገለ ድራም ስትገዙም ይህን የመብራት ፍተሻ አድርጉ።

ሦስተኛውና አሁን ድራሜ የለበሰው ለድራም ተብሎ የተሠራው ሽፋን ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ጠቅልላ አመጣችልኝ። የቤዝ ድራሙ ጥልቀት 16 ኢንች ስለሆነ ጥቅሉ 41 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ልኩን ስትልኩ ግን በሒሳብ ብቻ አትሂዱ። 22 የሚባለው የቆዳው መጠን ነው፣ እንጨቱ ከዚያ ትንሽ ያንሳል። በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ለኩና ለመደራረቢያ 2.5 ሴንቲሜትር ጨምሩ። የእኔ ቤዝ ድራም ወደ 178 ሴንቲሜትር ወሰደ።

ጀርባው ላይ ሙጫ ያለውና የሌለው አለ። እኔ የሌለውን መረጥኩ፤ ማስቲሽ ከሁለቱም ወገን ሲቀባ የሚይዘውን ያህል የሚይዝ አላየሁም። ሽታው ከባድ ስለሆነ በረንዳ ላይ ሠራሁት። ማስቲሹን ሽፋኑም እንጨቱም ላይ በስሱ ቀብቶ፣ በጣት ሲነኩት እስከማይዝ መጠበቅ ነው። ችግሩ፣ ሁለቱ አንዴ ከተነካኩ ማንቀሳቀስ የለም። ስለዚህ ያስቀመጥኳቸውን አሮጌ የድራም ስቲኮቼን (የመምቻ ዘንጎቹን) አወጣሁ። ሽፋኑን ጠረጴዛ ላይ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ ዘርግቼ፣ ስቲኮቹን በማስቲሹ ላይ አግድም ደረደርኳቸው። ድራሙን ከአንድ ጫፍ አስይዤ ስቲኩን አንድ በአንድ እየመዘዝኩ አንከባለልኩት። ወንድሜ በጨርቅ ከኋላዬ እየተከተለ ሽፋኑን ይጫነው ነበር። አንድም የአየር ከረጢት አልቀረም። መጋጠሚያውን ወደ ታች፣ ወደ መሬት በኩል አደረግኩት።

አሮጌው ልብስ ላይ ደርባችሁ አትለጥፉ። ውፍረቱ ሲጨምር ቆዳው እየታገለ ነው የሚገባው፣ ቅኝቱም አብሮ ይበላሻል።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። እጃችሁ ላይ ያለው የስድሳዎቹ ሉድዊግ (የአሜሪካ ድራም ነው) ከሆነና ልብሱ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ቢደበዝዝም አትንኩት። የቢትልሱ ድራመር ሪንጎ ስታር ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተጫወተበት ያስታወቀው ያ ዕንቁ የሚመስል ጥቁር ሽፋን፣ ተቧጭሮም ቢሆን ከአዲሱ ይበልጣል። የድራሙ ዋጋ ብዙው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ሰርግ ነበረን። ድራሙ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። ስናወርደው መጀመሪያ ያደረግኩት ቤዝ ድራሙን ገልብጬ መጋጠሚያውን በአውራ ጣቴ መዳበስ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ተኝቷል።