አዛውንቶቻችን ሳይረፍድ ውክልና እንዲሰጡ ለረዱልን የሕግ ባለሙያ ምስጋና

ጤና ይስጥልን። አዛውንቶችን ቤት ለቤት የምንንከባከብ ባለሙያዎች ነን። የመርሳት በሽታ ጅማሮ ለታየባቸው ሰዎች ቤተሰብ ሁሉ ያለ ማመንታት የምንጠቁማቸው አንዲት የሕግ ባለሙያ አሉ፤ ዛሬ በአደባባይ ልናመሰግናቸው ወደድን።

ብዙ ሰው "ለልጄ ሙሉ ውክልና ሰጥቻለሁ" ብሎ ይረጋጋል። በብዙ አገሮች ሕግ ግን ተራ ውክልና ወካዩ (ውክልናውን የሰጠው ሰው) ችሎታውን፣ ማለትም ራሱ አስቦ የመወሰን አቅሙን፣ ሲያጣ አብሮ ይፈርሳል፤ ወረቀቱ እጅግ በሚፈለግበት ቀን ዋጋ የለውም ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በፍርድ ቤት ሞግዚት ማስሾም ነው። የሚሾመውም ሰው አዛውንቱ ራሳቸው የሚመርጡት ላይሆን ይችላል። እኚህ ባለሙያ ሕጉ የሚፈቅደውን አጣርተው "ወካይ ችሎታቸውን ቢያጡም ይህ ውክልና ጸንቶ ይቆያል" የምትለውን መስመር ሳያስገቡ አያስፈርሙም።

ከሁሉ የምናደንቀው አነጋገራቸውን ነው። ቀጠሮ የሚይዙት ጠዋት ነው፤ ቀኑ ሲገፋ ብዙ ታማሚዎች ግራ ይጋባሉና። መነጽር መደረጉን፣ የመስሚያ መሣሪያ መሥራቱን ያያሉ። ልጆቹን ከክፍሉ ያስወጣሉ። "ገባዎት?" አይሉም፤ "አዎ" የሚል መልስ ምንም አያሳይም። "እማማ፣ ልጅዎ ይህን ወረቀት ይዞ ባንክ ቢሄድ ምን ማድረግ ይችላል? ሐሳብዎን ቢለውጡስ?" ብለው ይጠይቁና መልሱን አዛውንቱ በተናገሩት ቃል ይመዘግባሉ። አዛውንቱ መረዳታቸውን፣ የሰሙትን መያዛቸውን፣ ማመዛዘናቸውንና ውሳኔያቸውን መግለጻቸውን እንዲህ ይለያሉ። የበሽታው ስም ብቻውን መፈረም አይከለክልም፤ ወሳኙ በፊርማው ሰዓት ያለው ሁኔታ ነው። የሐኪም ማስረጃም በዚያው ሰሞን የተጻፈ ካልሆነ አይቀበሉም።

"ንብረቴን ያስተዳድርልኝ" የሚል ጥቅል ቃል ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ እያንዳንዱን ሥልጣን በስሙ ይጽፉታል። ተወካዮቹ 2 ከሆኑ "በአንድነት" (ሁለቱም አብረው ካልፈረሙ አይሠራም) ከማለታቸው በፊት ደጋግመው ያስባሉ፤ አንዱ ቢሞት ወይም ሩቅ አገር ቢሄድ ሥራው ሁሉ ይቆማልና። ተተኪ ተወካይም እንዲሰየም ያደርጋሉ። ተወካዩ ለራሱ ስጦታ እንዳይሰጥ፣ በየ6 ወሩም ለሌላ ዘመድ ሒሳብ እንዲያሳይ ያስገድዳሉ። ገንዘብ የሚዘርፈው ብዙውን ጊዜ የቅርብ ሰው ነውና ይህችን አንቀጽ እንወድላቸዋለን። የሕክምና ውሳኔውን ለብቻው በሌላ ሰነድ ያደርጉታል፤ ሐኪም የባንክ ሒሳብ ማንበብ የለበትም።

ከተፈረመ በኋላ ወካዩ ገና ደህና ሳሉ ሰነዱን ለባንካቸው ያሳያሉ፤ ባንኩ ጥያቄ ካለው መልስ የሚሰጥ ሰው ያኔ አለ። ውክልናው በሞት እንደሚያበቃና ኑዛዜ ሌላ ጉዳይ መሆኑንም ለቤተሰቡ ቁጭ አድርገው ያስረዳሉ።

ጊዜው ካለፈ ግን ማንም ቢለምናቸው አያስፈርሙም፤ የፍርድ ቤቱን መንገድ ይመራሉ። ስለዚህ ምርመራው እንደተነገራችሁ ሂዱ። መታወቂያ፣ የባንክ ደብተሮች፣ የቤት ካርታና የሚወሰዱ መድኃኒቶች ዝርዝር ያዙ። ስልካቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንልካለን።