ደሴ ላይ ኮምፒውተር ለሚያስቸግራችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ቤተሰብ። ይሄ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ክፍል ተከራይቶ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወንድማችን አለ። እንጀራዬን ነው ያተረፈልኝ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ለራሴ ብቻ ይዤ ብቀመጥ ነውር ነው።

ሥራዬን ካላወቃችሁ ነገሩ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ጽሕፈት ቤት አለኝ። ድሮ ሥራችን ማመልከቻ፣ ሲቪና ፎቶ ኮፒ ነበር። አሁን ግማሹ ነገር ኦንላይን ገብቷል። ፓስፖርት የሚያመለክተው፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚያየው፣ ንግድ ፈቃድ የሚያሳድሰው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ኔት ከሌለ ዝንብ ሲያባርሩ መዋል ነው። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ያለው ደግሞ በግቢው ሌላኛው ጫፍ፣ አከራዬ ሳሎን ውስጥ ነው። ሂሳቡን እንጋራለን። መሃል ላይ መኪና የሚገባበት በር ስላለ ገመድ መዘርጋት አልሆነም። ስለዚህ ዴስክቶፔ በዋይፋይ ነው የሚኖረው።

ይሄው ዋይፋይ ያመው ጀመር። ጠዋት ደህና ነው። ረፋድ ላይ ይንቀራፈፋል። ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ይጠፋል። ሰው ፎርም አስሞልቶ፣ ፎቶ አስጭኖ፣ የመጨረሻዋን ልጫን ስል እልም! ገጹ ከዜሮ ጀምሪ ይለኛል። ከወረኢሉ ድረስ ለልጃቸው ፓስፖርት ብለው የመጡ እናት «ልጄ፣ እንደገና ልንገርሽ?» እያሉ ስም ከነአያት ደግመው ሲያስጽፉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሚገርመው አጠገቤ ያለው ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ቪዲዮ ሳይቀር ይከፍታል።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ወስጄው ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም፤ የሰው ገበያ መዝጋት አልፈልግም። ክዳኑን እንኳ ሳይከፍቱ «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ፤ ያለውን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ኮምፒውተር ከዘገየ ፎርማት፣ ድምፅ እምቢ ካለ ፎርማት፣ ገመዱን አይጥ ብትበላውም ፎርማት። ተደረገልኝ። የአማርኛ መጻፊያዬም የፕሪንተሩ ድራይቨርም (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አብረው ጠፉ። ዋይፋዩ ግን ከእነ አመሉ ተመለሰ።

ይሄን ወንድም የጠቆመኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው። ዕቃውን ከመሸከሜ በፊት ደወልኩለት። ሰላምታው ሳያልቅ መጠየቅ ጀመረ።

«ኔቱ ሲጠፋ ስልክሽ ላይስ?»

«ስልኬ ላይ ይሠራል።»

«ኮምፒውተሩ የዋይፋዩን ስም እያየ ነው አልገባም የሚለው፣ ወይስ ዋይፋይ የሚባለው ነገር ራሱ ከስክሪኑ ይጠፋል?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አዎ፣ ምልክቱ ራሱ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ከነጭራሹ ዋይፋይ ኖሮት የማያውቅ ይሆናል። ጨርሼ አጥፍቼ ካሳረፍኩት በኋላ ነው የሚመለሰው። «አብሽሪ፣ ይዘሽው ነዪ» አለኝ።

በኋላ እንዳስረዳኝ ያቺ ጥያቄ ግማሽ ሥራ ናት። ዋይፋዩ ተገናኝቶ ገጽ ካልከፈተ፣ ስልኩም ካልከፈተ፣ ጣጣው ከራውተሩ ወይም ከመስመሩ ነው፤ ኮምፒውተሩን መፍታት ከንቱ ነው። ስሙን እያየ መግባት ካቃተው የይለፍ ቃል፣ የድራይቨር ወይም የሲግናል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ራሱ ብን ብሎ ከጠፋ ግን ኮምፒውተሩ የዋይፋይ ካርዱን፣ ማለትም ውስጡ ተሰክቶ ዋይፋይ የሚይዝለትን ዕቃ፣ አጥቶታል ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ካርዱ፣ የተሰካበት ቦታና ድራይቨሩ የሚጠረጠሩት።

ክፍሉ ስደርስ ከራሱ ራውተር ጋር አገናኘውና ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ ፒንግ ማድረግ ጀመረ። ፒንግ ማለት ኮምፒውተሩ ራውተሩን «አለህ?» ይለዋል፣ ራውተሩ «አለሁ» ይላል። መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ በቁጥር ይጻፋል። ራውተሩ አጠገብ ተቀምጦ 2 ወይም 3 ቢሆን ጤና ነው። የእኔም መጀመሪያ 2፣ 2፣ 3 እያለ ወረደ። ቡና ጠጥተን ስንመለስ 400፣ 900፣ ከዚያ መልስ የለም። ቀጥሎ ምልክቱ ጠፋ። ሰውዬው ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ምንም ለመፍታት አልሞከረም። «ይታመምልኝ ብዬ ነው የጠበቅኩት» አለና ሳቀ። ደህና ሆኖ የመጣ ኮምፒውተር አይታከምም ይላል።

ያን ጊዜ ካርድ ግዢ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለም። መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን ማጥፋት የሚፈቅደውን ምልክት አነሳ። «ይሄ ብቻ ከሆነ ገንዘብሽ ተረፈ» አለኝ። አልነበረም። ከዚያ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ሰካና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሳው። የእኔ ፋይሎች አልተነኩም፤ ዊንዶውሱ አልተከፈተም። ሙሉ በሙሉ ሌላ ሲስተም ነው። ትንሽ ቆየና ዋይፋዩ እዚያም ላይ ጠፋ። ዞር ብሎ አየኝ። ፎርማቱ ለምን እንዳልረዳኝ ሳይናገር ነገረኝ። ዊንዶውሱ ያለበደሉ ነው የተቀጣው።

አሁን ካቻቢቴውን አነሳ። ገመዱን ከሶኬት ነቀለ። ከነቀለ በኋላ የማብሪያ ቁልፉን ትንሽ ተጭኖ ያዘ፤ ውስጥ የቀረችውን ኤሌክትሪክ ለማውጣት ነው። የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ብረት በእጁ ነካ አደረገ። ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ፣ ስታቲክ የሚሉት፣ ካርድ ሊገድል ይችላል፣ በተለይ በብርድ ሰሞን ሹራብ ስንለብስ። የጦሳን ብርድ ለምናውቅ ለእኛ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ካርዷ መዳፍ አትሞላም። በአንድ ብሎን ነው የተያዘችው። የታችኛው ጠርዟ ላይ ያሉት ወርቅማ ጥርሶች ጠቁረዋል። በነጭ ላጲስ ቀስ ብሎ ፈተጋቸው፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠረገ፣ በአልኮል ወለወለ። መልሶ ሰካት። ከዚያም ወደ ሌላ ቀዳዳ አዛወራት። ያው ናት። በመጨረሻ ካርዷን አውጥቶ የራሱ መሞከሪያ ኮምፒውተር ላይ ሰካት፣ የራሱን ካርድ ደግሞ የእኔ ላይ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ከፍቶ ሥራውን ቀጠለ። የእኔ ካርድ እሱ ኮምፒውተር ላይም ሆና ዋይፋዩ ጠፋ። የእሱ ካርድ የእኔ ኮምፒውተር ላይ እስኪመሽ 2 እና 3 እያለ ዋለ። ከዚህ በኋላ ማን ይከራከራል? ካርድ ነው።

ምን ገደላት ብዬ ስጠይቀው ሊያስደምመኝ አልሞከረም። «መብራት ሄዶ ሲመጣ ሊሆን ይችላል፣ ሙቀት ሊሆን ይችላል፣ ዕድሜ ሊሆን ይችላል። እዚህ ቁጭ ብዬ ብምልልሽ ውሸት ነው።» እኔ በዚህች መልስ ነው ይበልጥ ያመንኩት።

የካርድ ምርጫው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነገር አለ። ገበያ ላይ ዋይፋይ 6 የሚል ውድ ካርድ አይቼ ዓይኔ ገብቶ ነበር፤ ቁጥሩ ትውልዱን ነው የሚናገረው፣ ትልቁ አዲሱ ነው። «ራውተራችሁ የቱ ነው?» አለኝ። ፎቶ አስላከና አየው። 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የሞገድ ክልል (ባንድ) ብቻ የሚሠራ አሮጌ ዋይፋይ 4 ነው። ቧንቧው ቀጭን ሆኖ ባልዲ ቢያሰፉ ውሃው አይጨምርም አለ። ሁለቱንም ባንድ፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚይዝ መካከለኛ ካርድ በቂሽ ነው፤ ነገ ራውተሩ ቢቀየር 5ቱን ታገኚዋለሽ አለኝ። 5ቱ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲበዛበት ቶሎ ይደክማል፣ 2.4ቱ ግን ራቅ ይላል። ለእኔ ግቢ የሚሆነውም እሱ ነው።

በዩኤስቢ የምትሰካዋ ትንሿም አማራጭ እንደሆነች አልደበቀኝም። ርካሽ ናት፣ ኬዝ መክፈት የለ። ችግሯ አንቴናዋ ጥፍር ታክላለች። በዚያ ላይ ዩኤስቢ 3 ራሱ ሲሠራ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ጫጫታ ይፈጥራል። እሷን የሚመርጥ ሰው ከኬዙ በምታርቅ ማራዘሚያ ገመድ ይሰካት ብሏል።

ሌላው የመጠን ነገር ነው። የእኔ ኬዝ ያገለገለ ሆኖ ከውጭ የሚገባው ቀጭኑ የቢሮ ዓይነት ነው። የካርዱ የኋላ ብረት ረጅሙ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ አጭሩ 8። ረጅሙ እኔ ኬዝ ውስጥ አይገባም። ሁለቱም ብረቶች አብረውት ያሉ ካርድ መረጠልኝ። ይሄን ሳያይ የሚገዛ ሰው ካርዱን ይዞ ወደ ሻጩ ይመለሳል። ብሉቱዝ ያለው ካርድ ከሆነ ደግሞ ከካርዱ ወደ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ ወደሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) የምትሄድ ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ አለች። እሷ ካልተሰካች ዋይፋዩ ይሠራል፣ ብሉቱዙ አይኖርም። ብዙ ሰው «ተሸወድኩ» የሚለው በእሷ ነው።

ለመግጠም ሱቄ ድረስ መጣ። ለምን ብትሉ፣ «ካርድ እኔ ቤት ቢሠራ ምን ይጠቅምሻል?» ብሎ ነው። ድራይቨሩን በፍላሽ ይዞ መጥቷል። ኔት የሌለው ኮምፒውተር የኔት ድራይቨር ከየት ያወርዳል? ፍላሽ ባይኖር ስልክን በኬብል ሰክቶ የስልኩን ኔት ማጋራት እንደሚቻልም ያኔ አሳየኝ። ይቺን ያዟት፣ ትጠቅማችኋለች።

ካርዱ ገባ፣ ስሙን አየ፣ የይለፍ ቃሉን አስገባን። እምቢ! እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። እሱ ግን ዝም ብሎ ቆየና «ራውተሩን ያስተካከለው ማነው?» አለ። የአከራዬ ልጅ ነው፤ ጎረቤት እንዳይሰርቅ ብሎ የተመዘገበ ዕቃ ብቻ እንዲገባ አድርጎታል። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ማክ አድራሻ የሚባል ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ አለው። ካርዱ ሲቀየር መለያውም ይቀየራል። ራውተሩ አዲሱን አያውቀውም። ጥፋት የለም፣ አለመተዋወቅ ነው። አከራዬ እትዬ ሳሎን ገባንና ልጁ አዲሱን መለያ መዘገበው። እትዬም «ቡና ሳይጠጣ አይወጣም» ብለው አስቀመጡት።

ሲመለስ አንድ ነገር ጨመረ። ኬዜ ያለው ጠረጴዛ ሥር፣ ግድግዳ ተደግፎ ነው። አንቴናዎቹ በብረቱ ኬዝና በግድግዳው መሃል ተቀብረዋል። እነሱን ነቅሎ ገመድ ያላትና ታቿ ማግኔት የሆነች አንቴና ገጠመልኝ። መደርደሪያው ላይ፣ በመስኮቱ በኩል አስቀመጣት። የሲግናሉ መስመር ዓይኔ እያየ ሞላ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ስለ ዋጋ ትጠይቁኛላችሁ። ቁጥር ብጽፍ አሳስታችኋለሁ። ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ግን የዕቃውንና የእጁን ለይቶ፣ ሥራ ሳይጀምር ነው የነገረኝ። የዕቃውን ደረሰኝ ከሻጩ አምጥቶ ሰጠኝ። አሮጌዋን ካርድም በእጄ አስረከበኝ። ሳይጠየቅ!

እንከን የለውም አልልም። ቀጠሮው ይንሸራተታል። ነገ ካለ ከነገ ወዲያ ብላችሁ ያዙት። ክፍሉ ታፔላ የለውም፣ ደረጃው ጨለማ ነው። ጁምዓ ቀትር ላይ አታገኙትም። ቸኩላችሁ «አሁኑኑ» የምትሉ ከሆነ ትጣላላችሁ። እኔም በመጠበቁ ተበሳጭቼ ነበር። ሥራውን ካየሁ በኋላ ግን ይሁን ብያለሁ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ሐረጎን ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉለት። እዚያ ያለውን የአክስቴን ልጅ አገናኝቼው ነበር። ጥቂት ጠይቆት ችግሩ ከመስመሩ እንደሆነ በስልክ ነገረውና የትራንስፖርቱን አተረፈለት። ሳንቲም አልጠየቀውም።

ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብከው እጅህ ይባረክ። አላህ ሥራህን ያስፋልህ፣ ክፉ አይንካህ። ወረኢሉ ያሉት እናትም ተመልሰው መጥተው ፎርማቸው በአንዴ አልቋል፤ መርቀውሃል።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም። እሱ ራሱ «አደራ፣ እጄ ካርድ ላይ እያለ አታስጠሪኝ» ብሎኛል። የፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን የኮምፒውተራችሁን ሞዴል፣ የራውተሩን ፎቶና ኔቱ ሲጠፋ ስክሪኑ ላይ የምታዩትን ያዙ። እነሱን ሳይሰማ ዋጋ አይናገርም።