ሉዶ፣ እባብና መሰላል፣ ሞኖፖሊ ወይስ ገበጣ? ለልጅ ሒሳብ የትኛው ይገዛ

ባለፈው የአምስት ዓመቷ ልጄ ሉዶ ስትጫወት ቁጭ ብዬ አየኋት። ዳይሱ 4 ወጣላት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያለች ጠጠሯን ወሰደች። ቀጥሎ 3 ወጣ። አሁንም «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት»። ጨዋታው እስኪያልቅ ከስድስት በላይ የሆነ ቁጥር ካፏ አልወጣም። ምን ታድርግ? ጠጠሮቹ የሚዞሩባቸው 52 ቤቶች ቁጥር አልተጻፈባቸውም።

ያንኑ ሰሌዳ ስትገለብጡት ብዙ ጊዜ ጀርባው እባብና መሰላል ነው። ለሒሳብ ብላችሁ ከሆነ ገንዘብ የምታወጡት ለዚያኛው ጎን ነው። ከ1 እስከ 100 ተጽፎበታል። ጠጠሩ 26 ላይ ያለ ልጅ 3 ሲወጣለት «27፣ 28፣ 29» እያለ ይሂድ፤ ከአንድ አይጀምር። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ በሠሩት ጥናት፣ ከ1 እስከ 10 በተጻፈበት ቀጥ ያለ ሰሌዳ በድምሩ አንድ ሰዓት ገደማ የተጫወቱ ሕፃናት የቁጥር ችሎታቸው ተሻሽሏል። ቁጥር በሌለው፣ ቀለም ብቻ ባለው ሰሌዳ የተጫወቱት ግን አልተሻሻሉም። ሉዶ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

እባብና መሰላል እንከን የለውም ማለት አይደለም። መንገዱ 10 ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ይታጠፍና ወደ ኋላ ይመለሳል። ትንንሾቹ እዚያ ይደናገራሉ። ለአራት ዓመት ልጅ ካርቶን ላይ 10 ሳጥን በመስመር ብትሥሉለት ይሻላል፤ ወጪም የለው። ለስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ ሁለት ዳይስ ስጡትና ደምሮ ይሂድ። ስትገዙ ሰሌዳውን ዘርግታችሁ እዩ። የእባቡ ሥዕል ቁጥሩን የሸፈነበት ሞልቷል። ኪስ የምትገባዋን ማግኔት ያላትንም ተዉአት፤ ቁጥሯን ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል።

ሞኖፖሊ፣ በወረቀት ብር ቦታና ቤት የሚገዛበት ጨዋታ፣ ልጁ ስምንት ዓመት ሳይሞላው አይገዛ። ከዚያ በኋላ ግን የመደመርና የመቀነስ ጎበዝ አስተማሪ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በ1,500 ይጀምራል፤ መነሻውን ባለፈ ቁጥር 200 ይቀበላል። 180 ለመክፈል 500 የሰጠ ሰው ስንት መልስ አለው? ልጁን ባንከር፣ ማለትም ገንዘብ ያዥ፣ አድርጉት፤ መልስ ሲቆጥር ይውላል። ማሽን የሚያሰላውን ባለ ካርድ ዓይነት ግን አትግዙ፤ የልጁን ሥራ ማሽኑ ይሠራበታል። የትንንሾቹ ሞኖፖሊ (ጁኒየር) አዳዲስ እትሞችም ብራቸው ሁሉ ባለ 1 ስለሆነ ከመቁጠር አያልፍም። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን በቂ ነው። ደግሞ ጨዋታው ረጅም ነው። ማታ ከጀመራችሁት አንዱ ሳያለቅስ አይነሳም።

እኔ ምርጫዬ ገበጣ ነው፤ ከስድስት ዓመት ወዲያ ላለ ልጅ። ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። ቀላሉ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ነው፤ ጠቅላላ 48። ከ24 በላይ የሰበሰበ አሸነፈ ማለት ነው። ዳይስ ስለሌለ በዕድል አይኬድም። ልጁ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠሮች አንስቶ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ከመጣሉ በፊት «የመጨረሻዋ ጠጠር የት ታርፋለች?» በሉት። መጀመሪያ በጣቱ ይቆጥራል። ከሳምንታት በኋላ በዓይኑ ብቻ ያውቀዋል። የእኔ ትልቁ ልጅ አንድ ቀን «12 ጠጠር ካለው ዞሮ እዚያው ይመለሳል!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልነገረውም። ሉዶ ስንት ዓመት ቢጫወት እንዲህ ያለ ነገር አያገኝም።

ውጭ አገር ልጅ ለምታሳድጉም ይመቻል። ጠጠሩን አንድ በአንድ ሲጥል በአማርኛ አስቆጥሩት፤ አያት ካሉ ደግሞ ሕጉን እሳቸው ያውቁታል።

ከእንጨት የተፈለፈለው ያምራል፤ የስጦታ ዕቃ ቤት ከሆነ ግን ዋጋው ለቱሪስት ነው። ከገዛችሁ ጉድጓዱ የልጅ ጣት በደንብ የሚያስገባ ይሁን። ካልሆነ ባለ 30 የእንቁላል ትሪ 5 በ6 ነው። ሁለት ባለ ስድስት ረድፍ ቆርጣችሁ 48 ሽምብራ ጨምሩበት። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ብቻ ከጨዋታው በኋላ ሽምብራውን ቆጥራችሁ አንሱ፤ አፉ ውስጥ እንዳይከት። ቆጠራውንም ልጁ ይሥራው።