ዝናቡን ከልክሎ ላቤን ያሰረብኝ ጃኬት፦ የ9 ወር ልምዴ

ይህን የዝናብ ጃኬት በየካቲት ወር ባሕር ዳር ከሚገኝ አንድ የስፖርት ልብስ መደብር በ4,200 ብር ገዛሁት፤ እስከ ኅዳርም ለብሼዋለሁ። ስፌቱ አልተተረተረም፣ ዚፑ አልተበላሸም፣ ጠዋት ከጣና የሚነሣውን ነፋስም በደንብ ይመክታል። ይህን ግምገማ የምጽፈው ግን በግንቦት ወር ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ብቻዬን በእግሬ ስጓዝ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በደረሰብኝ ነገር ምክንያት ነው።

በዘመን አቆጣጠራችን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ሲሆን፣ በጣና ዙሪያ ለእግረኛ ልብስ መምረጥ ከሚያስቸግርባቸው ወቅቶች አንዱ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ይሞቃሉ፤ ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው ሰማይ ከሰዓት በኋላ ይጠቁርና ነጎድጓድ፣ አንዳንዴም በረዶ ያወርዳል። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመጀመሪያው ቀን ዘንዘልማን አልፌ ሐሙሲት አደርኩ። የት እንደማድርና በስንት ሰዓት እንደምደውል ለታላቅ ወንድሜ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፤ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ይህ ከማንኛውም ዕቃ ይቀድማል። በቦርሳዬ ውስጥ አንድ የሱፍ ሹራብ፣ በፌስታል የተቋጠረ አንድ ቅያሪ ሸሚዝና ካልሲ፣ ነጠላዬ እና ይህ ጃኬት ነበሩ።

በማግስቱ የጉማራን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ፎገራ ሜዳ ስገባ ደመናው ከበላዬ ተሰበሰበ። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ጊዜ በሰከንድ መቁጠር ጀመርኩ፤ ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ቅርብ ነውና ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። በሜዳ ላይ ለብቻው የቆመ ዛፍ መጠለያ አይደለም፤ እንዲያውም መብረቅ የሚፈልገው እሱን ነው። ስለዚህ ጃኬቱን ለብሼ፣ ኮፍያውን አጥልቄ፣ ዚፑን እስከ አገጬ ዘግቼ በሩቅ ወደሚታየኝ የቆርቆሮ ቤት በፍጥነት ገሠገሥኩ። በመንገዴ ላይ አንድ እረኛ ገሳውን ተከናንቦ ከብቶቹን ሲነዳ አየሁ፤ በዚያች ሰዓት በጃኬቴ ተማምኜ ለእሱ አዝኜለት ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዤ ሻይ ቤቱ ስደርስ በረዶ መውረድ ጀምሮ ነበር። ተቀምጬ ጥቂት እንደቆየሁ መንቀጥቀጥ ያዘኝ። የቤቱ እናት ጃኬቱ ያፈሰሰ መስሏቸው አወለቁልኝና ገልብጠው አዩት። ገበሩ በውኃ ጠብታ ተሸፍኗል፣ ሸሚዜም ከጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ዝናቡን ከውጭ መልሶ ከውስጥ ነው ያዘነበብሽ» አሉኝና ጋቢያቸውን ደረቡልኝ። ያሞቀኝ የእሳቸው ጋቢና በፌስታል የቋጠርኩት ደረቅ ሸሚዝ ነው እንጂ 4,200 ብር የወጣበት ዕቃ አይደለም።

ሻጩን ያለ ማስረጃ መክሰስ አልፈለግሁም። ቤቴ እንደተመለስኩ የጃኬቱን እጅጌ በውኃ ሞልቼ ከሳፋ በላይ ለአንድ ሰዓት ሰቀልኩት፤ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። እንግዲያው ጃኬቱን ያረጠበው የራሴ ላብ ነበር። በምልክቱ ላይ የተጻፈውን 10,000 የሚል ቁጥር ያን ጊዜ በጥንቃቄ አሰላሁት፤ የጨርቁ አንድ ካሬ ሜትር በ24 ሰዓት 10,000 ግራም እንፋሎት ያስወጣል ማለት ሲሆን፣ በአንድ ሰዓት ከ417 ግራም አይበልጥም። ቦርሳ ተሸክሞ በሙቀት የሚፈጥን ሰው ግን በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያልበው ይችላል፤ ያውም ጀርባዬ በቦርሳ ተሸፍኖ ነበር። ከዚህም በላይ እንፋሎት በጨርቁ ውስጥ አልፎ የሚወጣው የውጭው አየር ከውስጡ ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን ነው። በግንቦት ወበቅ፣ ዝናብ በሚያረጥበው የሐይቅ ዳር አየር ውስጥ፣ ላቡ ወዴት ይሂድ?

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «እኅቴ፣ ዚፑን ከፈት አድርጊው» ይለኛል። ዚፑ ከተከፈተ ዝናቡ ይገባል፤ በብብት ሥር ደግሞ መተንፈሻ የለውም። «ቀስ ብለሽ ሂጂ» ይለኛል። መብረቅ በሚወርድበት ሜዳ ላይ ማን ቀስ ይላል? «ለብርድ አገር ግን አንደኛ ነው» ይላል በመጨረሻ፤ ይህን እቀበላለሁ፤ በደብረ ታቦር ብርድ ሁለት ቀን ለብሼው አላስከፋኝም። ነገር ግን የሸጠልኝ ባሕር ዳር ላይ ነው፣ ለሐይቁ ዳርቻ ጉዞ እንደምፈልገውም ነግሬዋለሁ።

የሚያስቆጣኝ አደጋው ብቻዬን በሆንኩበት ሰዓት የደረሰብኝ መሆኑ ነው። የረጠበ ገላ ነፋስ ሲያገኘው በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ደግሞ «ከንፈርሽ ጠቁሯል፣ ልብስሽን ቀይሪ» የሚለው ባልንጀራ ከጎኑ የለውም። ሻይ ቤቱ አንድ ሰዓት ያህል ርቆ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምሆን ማሰብ አልወድም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። በክረምቱ በዱቄት ሳሙና ካጠብኩት በኋላ ውኃው በላዩ ላይ መንከባለሉን ትቶ ጨርቁን ማራስ ጀመረ፤ በመስከረም ደግሞ የቦርሳው ማንገቻ በሚያርፍበት ትከሻ ላይ የውስጥ ቅቡ እንደ ፎረፎር መላላጥ ያዘ።

ያዘንኩለት እረኛ የተከናነበው ገሳ ከሥሩ ክፍት ስለሆነ ነፋስ እንደልቡ ይገባበታል። ለሚመጣው ግንቦት እኔም ከሥሩ ክፍት የሆነ ሰፊ የላስቲክ ካባ ገዝቻለሁ፤ በፌስታል የምቋጥራቸውንም ሸሚዞች ሁለት አድርጌያለሁ። ጃኬቱን አልይዘውም። 4,200 ብሩ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።