ባክአፕ ለሚያስጨንቃችሁ ሁሉ፦ ይህችን ልጅ ያዟት

ዛሬ የምጽፈው ባክአፓችንን (የመረጃችንን መጠባበቂያ ቅጂ) ያስተካከለችልንን አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ለማመስገን ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን አንብቡልኝ። በተለይ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰርቨር ይዛችሁ "ባክአፕ አለው" እየተባላችሁ የምትኖሩ ሰዎች አንብቡልኝ።

እኛ ትንሽ ቡድን ነን። ሥራችን የአዛውንቶችን ትዝታ በድምፅ መቅረጽና ማስቀመጥ ነው። ከቀረጽናቸው ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያ ሰርቨር ቢጠፋ እንደገና ሄደን የምንጠይቀው ሰው የለም። ማን እንደተናገረ፣ መቼ እንደተቀረጸ፣ ምን እንደተባለ የሚገልጸው ሁሉ ደግሞ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ድምፁ ተርፎ ዳታቤዙ ቢጠፋ የማን ድምፅ እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

እሷ ጋ እስክንደርስ ያየነውን ልንገራችሁ። የማንንም ስም አላነሳም። አንዱ መጥቶ ባክአፑን እዚያው ሰርቨር፣ እዚያው ዲስክ ላይ አስቀመጠልን። ዲስኩ ቢበላሽ ዋናውም ቅጂውም አብረው እንደሚሄዱ አልነገረንም። ቅጂው ተጠራቅሞ ዲስኩን ሞላውና በሥራ ሰዓት ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ሌላው "ቦታ የለም፣ አዲስ ሰርቨር ካልገዛችሁ ምንም ማድረግ አይቻልም" ብሎን ሄደ። ከዚያ በኋላ ስልክም አያነሳም። ከሁሉ የባሰው ግን ከእነሱ በኋላ የመጣው ነው። በየሌሊቱ ባክአፕ የሚሠራ ነገር ገጠመልን፤ ጠዋት ጠዋት "ተሳክቷል" የሚል መልእክት ይደርሰናል። ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ደውለን "እስኪ አንዴ መጥተህ እየው" ስንለው "ምን አስጨነቃችሁ፣ ተሳክቷል ይላል አይደል?" ነበር መልሱ። ሰው አምኖ በሰጠው ነገር እንዲህ ሲቀለድ በጣም ያማል። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ ይህች ልጅ መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጥቁሩን የኮማንድ መስኮት ከፈተች፣ የባክአፕ ፋይሎቹን ዝርዝር አወጣች። ከዚያ መጠናቸው የተጻፈበትን ረድፍ በጣቷ እየተከተለች ወረደች። 20፣ 20፣ 20፣ 20። እስከ ታች ድረስ ያው ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ሃያ ባይት ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። "ባዶ ነገር ጂዚፕ በሚባለው መጨመቂያ ሲጨመቅ የሚወጣው ይሄን ያህል ነው። ውስጡ ምንም የለም።" አንዱንም ፋይል ሳትከፍት ነው ያወቀችው! በኋላ ከፍታ አሳየችኝ። እውነትም ባዶ።

ጉልበቴ ከዳኝ። እሷ ግን "አይዞዎት፣ ዋናው መረጃ እስካለ ድረስ ምንም አልጠፋም። ቅጂው በሰላም ሳይወጣ አልሄድም" አለችኝ። ስለቀደመው ባለሙያ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። እኔ ስበሳጭ እንኳ ዝም ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

እንዴት "ተሳክቷል" ሊል ቻለ ብዬ ስጠይቃት እንዲህ አስረዳችኝ። ዳታቤዙን የሚያወጣው ኮማንድ ያወጣውን ለሚጨምቀው ኮማንድ ያቀብላል። የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ከተቀየረ ወዲህ የመጀመሪያው መግባት አልቻለም፣ ስለዚህ ምንም አላቀበለም። ሁለተኛው ግን የተሰጠውን ባዶ ነገር በሥርዓት ጨምቆ "ጨርሻለሁ" ይላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ካልታዘዘ በቀር የሚጠይቀው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ኮማንዶቹ በተጻፉበት ፋይል (ስክሪፕቱ) ራስ ላይ ፓይፕፌይል የሚባል ትእዛዝ ጨመረችበት። ከዚያ ወዲህ ከመካከላቸው አንዱ ከወደቀ ሁሉም እንደወደቀ ይቆጠራል። ለዚህች አንዲት መስመር ነው እኛ ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ባክአፕ የኖርነው።

የቦታውን ነገርም ፈታችው። ዲስካችን ሞልቷል፣ ቅጂው የት ያርፋል? "እዚህ ማረፍ የለበትማ" አለች። አጋራችን በሆነ ተቋም ዘንድ ሌላ የፋይል ሰርቨር ላይ ቦታ አለን። ቅጂው እኛ ዲስክ ላይ ጨርሶ ሳይቀመጥ፣ ከኮማንዱ እየወጣ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር በሚያገናኘው በኤስኤስኤች በኩል በቀጥታ ወደዚያ ይፈስሳል። ከጉድጓድ የሚወጣን ውሃ ደጅ ላይ በርሜል ሳያጠራቅሙ በቧንቧ ወዲያ ማዶ ወዳለው ጋን እንደመላክ ነው። የድምፅ ፋይሎቹን የላከችው ብዙ ፋይል አንድ ላይ በሚጠቀልለው ታር በሚባል ኮማንድ ነው። ታር ድሮ ወደ ቴፕ ለመጻፍ የተሠራ ስለሆነ እንዲህ እየፈሰሰ መሄድ ይችልበታል አለችኝ። አዲስ የገዛነው ነገር የለም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኮማንድን ከኮማንድ ማያያዝ ዩኒክስ በሚባለው የቆየ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ከ1973 ጀምሮ አለ፣ ኤስኤስኤችም ከ1995 ጀምሮ አለ። ታዲያ "አዲስ ሰርቨር ግዙ" ያለን ሰው ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ይቅር፣ ተዉት።

ስለ ቁልፉና ስለ ፈቃዱ የሠራችውን እኔ አልገባኝም። የያዝኩት፣ መረጃው ተመስጥሮ ስለሚሄድ መንገድ ላይ ማንም እንደማያነበውና፣ የእኛ ሰርቨር በክፉ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ እዚያ ማዶ ያሉትን የቆዩ ቅጂዎች ማጥፋት እንደማይችል ነው።

ቅጂው መሄድ ጀምሮ መሃል ላይ ሲደርስ "አሁን ይዩ" አለችኝና የኔትወርኩን ገመድ ነቀለችው። ደነገጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ኮማንዱ አልተሳካም ብሎ ቆመ። ገመዱን መልሳ የወዲያኛውን ሰርቨር ስታሳየኝ፣ ፋይሉ "ያላለቀ" በሚል ስም ግማሽ ሆኖ ተቀምጧል። ከዚህ በኩል ሁሉም በሰላም ማለቁ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው ትክክለኛ ስሙን የሚያገኘው። ግማሽ ፋይል ሙሉ መስሎ አያታልለንም። የሠራችውን ራሷ ልትሰብረው እየሞከረች የምታሳይ ባለሙያ አይቼ አላውቅም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ደግሞ "አንድ ቅጂ ይምረጡና ከዚያኛው ሰርቨር እንመልሰው" አለችኝ። የአባቴን መረጥኩ። አባቴን የቀረጽነው ሊያርፍ ትንሽ ሲቀረው ነው። ማይክሮፎን ፊት ቀርቦ አያውቅም ነበር፣ ሲጀምር ሁለቴ ጉሮሮውን ጠርጎ "ልናገር እንግዴህ?" ይላል። እሷ ይሄን አታውቅም። ፋይሉን በራሷ ላፕቶፕ ላይ መለሰችው፣ ከፈተችው፣ ያ ሳሉ መጣ። ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ ምንም ሳትጠይቅ ማዳመጫውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። ጨርሼ እስክወጣ ድረስ ኮሪደር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወላጆችሽን ዕድሜ ያርዝምልኝ።

እባካችሁ እንዲህ ዓይነት ሰው ስታገኙ አትልቀቁ። ባክአፕ ሠራሁላችሁ የሚላችሁን ሁሉ የፋይሉን መጠን አሳየን በሉት፣ አንዱን ፊታችን መልስልን በሉት። የማያሳይ ከሆነ ሒሳብ አትክፈሉ። ይህች ልጅ ግን ሳትጠይቋትም ታሳያችኋለች። ሥራዋ ጥንቅቅ ያለ ነው፣ ምላሷ ጣፋጭ ነው፣ ያልገባችሁን ደጋግማ ብታስረዳም አይሰለቻትም።

ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ራሷ አትጻፍ ስላለችኝ ነው። የምትፈልጓት ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ሥራ ይበዛባታልና ትንሽ ቀን ብታስጠብቃችሁ ታገሷት። ስትጽፉልኝ ዲስካችሁ ምን ያህል እንደሞላና ቅጂው የሚሄድበት ሌላ ቦታ ይኑራችሁ አይኑራችሁ ጨምሩበት፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።