የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የወረቀት ሞዴል ማሳተም፦ ፔዳ አካባቢ ያለ አንድ ኮፒ ቤት ሲመዘን

የወረቀት መርከብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ከተር ሳይነሳ፣ ገና ሲታተም ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች አንዱን ለመመዘን የተመረጠው ፋይልም ከባዱ ነው፦ የአሜሪካዋ አውሮፕላን ተሸካሚ ኒሚትዝ በ1፡400፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 400 ጊዜ አንሳ። በ1975 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረችው እውነተኛዋ መርከብ ርዝመቷ 333 ሜትር ገደማ፣ የማኮብኮቢያ ወለሏ ስፋት 76.8 ሜትር ነው። በዚህ መጠን ሲወርድ 83 ሴንቲ ሜትር በ19.2 ይሆናል።

ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ፕሪንተሩ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ገደማ ሳያትም ስለሚተው ወለሉ የሚገባው ለጥቂት ነው። «ፊት» (Fit፣ ገጹን ከወረቀቱ ጋር አስማማ) የሚለው ምርጫ በርቶ ከቆየ ኮምፒውተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ገጹን ያሳንሰዋል። 97 በመቶ ሆኖ ቢታተም ከርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ይጎድላል። ሁሉም ክፍል እኩል ቢያንስ ጉዳት የለውም፤ ወለሉ በ97፣ ቀፎው (ከወለሉ በታች ያለው የመርከቧ አካል) በ100 ሲወጣ ግን ወለሉ አጥሮ አፍንጫዋ ላይ ክፍተት ይቀራል፣ በሙጫም አይሸፈንም። ስለዚህ መባል ያለበት፦ «እህቴ፣ አክቹዋል ሳይዝ (Actual size፣ በራሱ መጠን) አድርጊልኝ፤ በአንድ ጎን ብቻ።» ካልተነገራቸው ወረቀት ለመቆጠብ ብለው በሁለቱም ጎን ያትማሉ። እዚህ ቤት ያለችው ሠራተኛ አንድ ገጽ ለሙከራ አትማ በማስመሪያ እስኪለካ ጠብቃለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኤ3 ይሻላል ብለው ቢመክሩ አይቀበሉ። ሁለት ኤ3 ጫፍ ለጫፍ ሲቀጠል 84 ሴንቲ ይመስላል፤ የማይታተመው ጠርዝ ሲቀነስ ግን ከ83 በታች ይወርዳል፣ ሦስተኛ ወረቀት ግድ ይሆናል። በኤ4 የተዘጋጀ ፋይል በኤ4 ይታተም።

ወረቀት ላይ ቤቱ ጥሩ ነው። ለቀፎውና ለወለሉ ልሙጥ ሃርድ ፔፐር አለ፤ ከ160 እስከ 200 ግራም ያለው ይበቃል። ለሰርተፍኬት የሚሸጠው ሸካራ ወረቀት ግን ሌዘር ቀለሙን አይዝም፣ መስመሩም ይቆራረጣል። ላሚኔሽን ከጠየቁም ያደርጉልዎታል፤ እባክዎ አያስደርጉ። በፕላስቲክ ላይ ነጩ ኮላ አይዝም።

ቀለሙ ግን ይጎድላል። ቤቱ ሁለት ማሽን አለው፣ የአንዱ ግራጫ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የወለሉ ገጾች በሁለቱ ማሽኖች ከተከፋፈሉ መጋጠሚያቸው ከሩቅ ይለያል። የወለሉን ገጾች ለይቶ ባንድ ማሽን፣ በተከታታይ ማሳተም ነው መፍትሔው። ሌዘር ቀለም በወፍራም ወረቀት ላይ እጥፋቱ ጋር ይሰነጠቃል፤ ቀለሙ ባለቀ እስክሪፕቶ ከጀርባ አስምሮ ማጠፍና ነጩን ስንጥቅ በግራጫ እርሳስ መንካት ይበቃል።

ከማሽኑ ትኩስ የወጣ ወረቀት ወዲያው አይቆረጥ። ሙቀቱ እርጥበቱን አውጥቶት ይጠቀለላል፣ አየር ሲያገኝ ደግሞ መልሶ ይለጠጣል። አንድ ሌሊት መጽሐፍ ተጭኖበት ይደር። በተለይ በክረምት ጣና ሐይቅ ዳር ይህ ሊታለፍ አይገባም። ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ደንገሉን ፀሐይ ላይ ሳያደርቁ አያስሩትም፣ ለወረቀትም ያው ነው።

እርጥበቱ አብዝቶ የሚጎዳው ወለሉን ነው። ቀፎዋ ውኃው መስመር ላይ 10 ሴንቲ ገደማ ብቻ ስትሆን ወለሉ 19 ስለሆነ፣ በየጎኑ ከ4 ሴንቲ በላይ ያለ ድጋፍ ይንጠለጠላል፣ ቀስ በቀስም ይጎብጣል። ወለሉን በ1 ሚሊ ሜትር የጥራዝ ካርቶን ላይ ይለጥፉና ከካርቶኑ ጀርባም ባዶ ወረቀት ይለጥፉ፤ ባንድ ጎን ብቻ የተለጠፈ ካርቶን ኮላው ሲደርቅ ወደዚያው ጎን ይጎተታል። ኮላውን በውኃ አያቅጥኑ።

ካርቶኑን እዚያው ያስቆርጣሉ፤ ለቀጥታ መስመር ጊሎቲናቸው (የወረቀት መቁረጫ ማሽናቸው) ንጹሕ ነው። የአጥንቶቹን፣ ማለትም ቀፎውን ከውስጥ የሚደግፉትን አግድም ካርቶኖች፣ መሰኪያ ስንጥቅ ግን አይስጧቸው፣ በከተር ራስዎ ይቁረጡት። ካርቶኑ 1 ተብሎ 1.2 ሚሊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ በጠባቡ ስንጥቅ በግድ የገባ አጥንት አከርካሪውን (በመርከቧ ርዝመት የሚሄደውን መሃል ካርቶን) ያጣምማል። በቁራጭ ካርቶን ቀድሞ መሞከር ነው።

አውሮፕላኖቹን በተለመደው 80 ግራም ወረቀት ያሳትሙ። አንድ ኤፍ-18 በ1፡400 ከ4 ሴንቲ ብዙም አይበልጥም፣ ከወፍራም ወረቀት የተቆረጠ ክንፍ ጣውላ ይመስላል። እዚህ ቤት የጅራታቸው ቁጥር ደብዝዞ ነው የወጣው። ለወለሉና ለቀፎው ቤቱን ያለማመንታት እንመክራለን፤ የአውሮፕላኖቹን ገጽ ግን ጥቃቅን ፊደል ጥርት አድርጎ የሚያትም ሌላ ቤት ይውሰዱት።